አይቀርም

ቢቸና፣ ዘጠነኛ «ለ»፣ ሦስተኛው ክፍለ ጊዜ፤
ጠመኔ ቅንድቤ ላይ፤ ምሳሌ መጠየቅ የቆየ አባዜ።
ምዕራፍ አራት፦ «መምጣቱ የታወቀ ክፉ ነገር
በእንግሊዝኛ፣ በእርግጠኝነት ሲነገር»።

«ዊል» አልኳቸው፣ ቀጥ ያለ መንገድ ነው፤
«ኖት» ስትጨምሩበት፣ በሩ ተዘጋ ማለት ነው።
«ጎይንግ ቱ» ደመናው ጠቁሮ ሲታያችሁ፣
ዶፉ ሳይወርድ በፊት ዶፉን ስታወሩ ነው።
«ባውንድ ቱ» ግን
ታስሯል ማለት ነው፣ እንደ በሬ በቀንበር፣
ወደደም ጠላም ከዚያ እርሻ ላይቀር።

«በእኛስ?» አለ ማንደፍሮ፣ ከኋላ ወንበር።
«በእኛማ አንድ ቃል ነው፣ አይቀርም ነው» ብዬ
ሳልጨርሰው ያዘኝ የገዛ ጥርጣሬዬ፦
«ሳይዘንብ አይቀርም» ሲል ሰው፣ ገና እያመነታ፣
«መዝነቡ አይቀርም» ሲል፣ ቆርጦ እንደ ጌታ፤
ያው አንድ አይቀርም ነው፣ ጎረቤት ቢለውጥ፣
እዚያ ሲያወላውል፣ እዚህ አንገት ሲቆርጥ።

«ምሳሌ!» አልኩ። እጆች እንደ ገብስ ዛላ ቆሙ።
ማንደፍሮ፦ «ሒሳብ ልወድቅ ነው።» ልክ ነው። ሳቁ።
ውባንቺ፦ «የሙጋ ድልድይ ክረምቱን አይወጣም።»
ልክ ነው። ስሜነህ ግን በክፍል አልበቃውም፣
ቤቱ ድረስ ይዞት ሄደ።

በማግስቱ አባቱ፣ አያ ይበልጣል፣ ከዘራ አስቀድመው፦
«መምህር፣ ልጄ ማታ ምን እንዳለኝ ሰማኸው?
‹ላሚቱ ትሞታለች!› ይህን አንተ ነህ ያስተማርኸው?
ራት ላይ ነበርን፣ እሷም በጤናዋ ታመሰኳ ነበር፤
ዛሬ ሣር አልበላም አለች። ምን ልበል ለአገር?
እኛ ዘንድ ክፉ ሲመጣ፣ ይታያል በዝምታ፤
‹እሱ ያውቃል› ይባላል፣ ይጣላል ለጌታ።
ያ የፈረንጅ አፍ ‹እሱ ካለ› ማለትን አያውቅም?»
«ያውቃል፣ አያ» አልኩኝ፣ «ፈተና ላይ ግን አይጠየቅም።»

ሟርተኛ ብለውኝ ወጡ።
ላሚቱ አልሞተችም። ሰሞኑን ወለደች።
የስሜነህ ዓረፍተ ነገር ሰዋስዋ ልክ ሆኖ፣ ዓለምን ሳተች።

ይታይሽ ግን፣
መስኮቱ ሥር የምትቀመጠው፣
ስክሪብቶዋን በክር አስራ አንገቷ ላይ የምታንጠለጥለው፣
ያን ቀን፣ ሳልጠራት ተነሣች፤
በእንግሊዝኛ፣ አንዲት ፊደል ሳትስት፣
«ከፋሲካ በኋላ እዚህ ክፍል አልገኝም» አለች።

እኔ የሰማሁት ግሱን ነበር፣
አሉታው ከቦታው እንዳለ፣ ጊዜው እንዳልተዛባ።
«ኤክሰለንት!» አልኩ። «አጨብጭቡላት!»
አጨበጨቡላት።
ስትቀመጥ ክሩን ጣቷ ላይ ጠመጠመች፣
ፈትታ፣ ደግሞ ጠመጠመች።
«ለምን?» አላልኳትም።
«ለምን» ያለው ምዕራፍ ስድስት ላይ ነው፣
እኛ ገና አራት ላይ ነን፣ ዓመቱም እየገፋ ነው።

ዳግማይ ትንሣኤ አለፈ። ሰኞ ስም ጠራሁ፦
ማንደፍሮ። አቤት። ስሜነህ። አቤት።
ውባንቺ። አቤት።
ይታይሽ።

ይታይሽ።

መስኮቱ ሥር፣ ወንበሯ ላይ፣ ፀሐይ ተቀምጣለች።
አንዱ «ተድራለች» አለ፣ አንዱ «መተማ ወርዳለች»፤
ውባንቺ ዝቅ ብላ «ባሕር ዳር፣ ሰው ቤት
ሳትገባ አልቀረችም» አለች።
ሁሉም ምናልባት፣ ሁሉም ይሆናል፣ ሁሉም መሰለኝ፤
በእርግጥ ያወቀች አንዲት ነበረች፣ እሷንም አስጨበጨብኩላት
እንጂ፣ ማን አደመጣት? ማንስ ጠየቀልኝ?

ቀይ ስክሪብቶ ይዤ ከስሟ ትይዩ ቆየሁ፤
በጠባቧ ሳጥን ውስጥ «ቀ» ብዬ ጻፍኩ።
ቀሪ ማለት ነው።
የማይቀረውም፣ ሳይሆን የማይቀረውም፣
ይቺም መስኮት ሥር የነበረችው፣
ከዚህ ከአንድ ፊደል ነው የሚወለዱት፣
እስከ ዛሬ ስጽፈው ልብ አላልኩትም።

የሙጋ ድልድይ እስካሁን አለ። ክረምቱ ገና ነው።
«መጽሐፍ አውጡ» አልኩ።
«አምስትን እንዝለለው።»